ውሃ ውስጥ ነድተዋል?

ውሸት መናገር ለሁሉም ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። እኔ ለምሳሌ አልተፈጠርኩበትም። ስዋሽ መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል፣ ከዚያ ሆዴ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቀኝ ማብራሪያ መስጠት እጀምራለሁ። ይህን ጠባዬን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ባለፈው ክረምት አንዲት ቃል ዋሽቼ፣ እሷን ስደብቅ ወር ያህል ምግብ አልበላ ብሎኝ አራት ኪሎ የቀነስኩት። (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም።)

ነገሩ የመኪና ነው። እኔ የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ማርታ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። ቤታችን መካኒሳ ነው። አምና የማርታ እናት ከሆሳዕና መጥተው እኛ ዘንድ ተቀመጡ። እኔም እንደ ልጃቸው እማዬ ነው የምላቸው። አንድ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ስላስቸገራቸው ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ አዘዘላቸው። እሳቸውን ለማመላለስ ስንል ያለችንን ጥሪት ሁሉ ጠራርገን አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን።

መኪናዋ ድምፅ የላትም። መነሳቷም መቆሟም አይታወቅም። ስትናገር ደግሞ በቻይንኛ ነው። ቀበቶ ካላሰርኩ በቻይንኛ ትቆጣኛለች። ምን እንዳጠፋሁ ስለማይገባኝ ሁልጊዜ በጅምላ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ማርታ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። "ውሃ ካየህ ዙር። አገር ቢያዞርህም ዙር።"

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ብቻዬን እየተመለስኩ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ውሃ ገጠመኝ። እንደ ሕጉ ቆምኩ። ሐሳቤ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነበር፤ መስከረምም ድረስ ቢሆን። ከኋላዬ ግን አንድ ሚኒባስ ክላክሱን ተጭኖ አለቅም አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣

"ፋዘር! ግባ እንጂ፣ ዓባይ መሰለህ እንዴ?" አለኝ።

"ጥልቅ አይደለም?"

"እኔ ጠዋት ገብቼ ወጥቻለሁ!"

የሱ ሚኒባስ ከእኔ መኪና በክንድ ያህል ከፍ እንደሚል ያስተዋልኩት መሃል ከደረስኩ በኋላ ነው። ውሃው ጎማዬን ዋጠ፣ ቀጥሎ የበሩን ታች ላሰ። መኪናዋ በቻይንኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች። አሁን ሳስበው "ወዴት ነው የምትወስደኝ?" ያለችኝ ይመስለኛል። መሪውን አቅፌ ዓይኔን ጨፍኜ ነዳሁ። ስገልጠው ማዶ ነበርኩ። ሚኒባሱ አልፎኝ ሲሄድ ሾፌሩ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ቤት ደርሼ ማርታ ሳትመጣ ጭቃውን በራሴ ካናቴራ ወለወልኩ። ካናቴራውን ደበቅሁት። ምንም አልሆነችም፤ ለምን እነግራታለሁ? ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሦስት ቀን ቆይቶ ደግሞ የነፃ ሰርቪስ ቀጠሮ ስለነበረን መኪናዋን ለቡ ወዳለው ሻጭ ድርጅት ወሰድኳት። ኮፈኗን ከፍተው ፈተሿት፣ እዚያው ግቢ ባለው ላቫጆ አጥበው አብለጭልጨው ሰጡኝ። ከሥር የቀረውም ጭቃ ታጠበ ብዬ እንደ ወንጀለኛ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ መኪናዋ ቻርጅ አላደርግም አለች። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ አድራ ጠዋት ስንነሳ የቀራት ያው የማታው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ ኤሊ በርታለች። መመሪያውን ሳገላብጥ ኤሊዋ "ጉልበት የለኝም፣ ቀስ በሉ" ማለቷ እንደሆነ ከሥዕሉ ገባኝ። እማዬን ለፊዚዮቴራፒ ይዘን ስንወጣ መኪናዋ ለቡ መብራት ኃይል ጋ ስትደርስ ጭራሹን ቆመች። የቆመችበትን ሰፈር ስም የሰማ ሰው ሁሉ ሳቀብን። እማዬን በኮንትራት ታክሲ ልከን፣ መኪናዋን በሚጎትት መኪና አስጭነን ወደ ሻጩ ወሰድናት።

እዚያ የተቀበሉን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሲሳይ ናቸው። ፀጉራቸውን በጥንቃቄ ወደ አንድ ጎን ያበጠሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈራኛል፤ ለመሳሳት በቂ ጊዜ ይሰጠኛል። ፎርም አውጥተው ይጠይቁኝ ጀመር።

"አደጋ ደርሶባታል?"

"የለም።"

"ሌላ ጋራዥ ተከፍታ ታውቃለች?"

"የለም።"

"ውሃ ውስጥ ነድተዋል?"

ማርታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

"የምን ውሃ?" አልኩ።

"ማንኛውም። ጎርፍ፣ ኩሬ፣ የተጠራቀመ ውሃ..."

"እኔ ውሃ አልወድም።"

"በሐምሌ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እየነዱ ውሃ አላጋጠመዎትም?"

"ያጋጥመኛል። ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ማለቴ ዞሬ አልፋለሁ። ዙሪያውን። በጣም ሩቅ ዞሬ።"

ማርታ በክርኗ ጎሰመችኝ። "የለም በልና ፈርም እንጂ፣ ምን ትዘባርቃለህ!"

"የለም" አልኩ። ፈረምኩም። ፊርማዬ የልብ ምርመራ ወረቀት መሰለ።

በአምስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን። "በመሣሪያ በተደረገው ምርመራ የተሽከርካሪው የኃይል መቀበያ ክፍል እርጥበት የተገኘበት በመሆኑ፣ ይህም ተሽከርካሪውን ውሃ ውስጥ በመንዳት የሚከሰት ስለሆነ፣ ጥገናው በዋስትናው የማይሸፈን መሆኑን በትህትና እንገልጻለን" ይላል። የኃይል መቀበያ የሚሉት ከኮፈኑ ሥር ያለች፣ መብራቱን ተቀብላ ለባትሪው የምታቀብል ሳጥን ናት። እሷን በራሳችን አቅም እናስለውጥ ማለት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ማርታ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አፍንጫዋ ሲሰፋ አየሁት። ያ አፍንጫ ሲሰፋ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወደየክፍሉ ይገባል።

"በትህትና! በትህትና ነው የሰደቡን! ባሌን ውሸታም እያሉት እኮ ነው!"

"ኧረ እንደዚያ አላሉም..." አልኩ።

"ታዲያ ምን ማለታቸው ነው? አልነዳሁም ብለህ ፈርመሃል። ነድቷል ይላሉ። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ማለት ነው!"

ሆዴ ጮኸ። እራት አልበላህም እንዴ? አለችኝ።

ልነግራት ይገባኝ የነበረው ያኔ ነው። ግን ስለኔ ስትቆጣ እንዴት እንደምታምር አይታችኋት አታውቁም። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን አብዛኛውን ጊዜ የምትቆጣው እኔን ነው፤ ለእኔ ብላ ስትቆጣ ሳያት አፌ ተሳሰረ።

የእማዬ ቀጠሮ ግን መኪና የለም ብሎ አይቆምም። ኮንትራት ታክሲውን ሁልጊዜ የምንችለው ስላልሆነ በሚኒባስ መሄድ ጀመሩ። የማይታጠፍ ጉልበት ይዞ ሚኒባስ መግባት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እማዬ በጀርባቸው ነው የሚገቡት። ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ብብታቸውን ይዞ ይስባል፣ እኔ ከውጭ እገፋለሁ፣ እግራቸው እንደ ሳንቃ ወደ አስፋልቱ ተዘርግቶ ይቀራል። አንድ ቀን እንዲህ እየገፋኋቸው፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ "አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ" አሉኝ። ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሥራ ዘገየሁ።

በዚያው ሳምንት እማዬ የጸሎት ጓደኞቻቸውን ጠሩ። አራት እናቶች መጡ። እኔን ሳሎን መሃል ወንበር ላይ አስቀምጠው ስምንት እጅ ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ።

"ጌታ ሆይ! ይህን ንጹሕ ሰው ከከሳሾቹ እጅ አውጣው!"

"አሜን!"

"የተሰወረው ሁሉ ይገለጥ!"

"አሜን! አሜን!"

እማዬ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ "አሜን በል እንጂ ልጄ" አሉኝ። አልኩ። ድምፄ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። አንደኛዋ እናት "በመንፈስ ተነክቷል፣ አያችሁ እንዴት እንደሚያልበው" አሉ።

ማርታ በበኩሏ ፈቃድ ወስዳ እኔን እየጎተተች ወደ አቶ ሲሳይ ቢሮ ሄደች። እንዳንሄድ ያላቀረብኩት ምክንያት አልነበረም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ሰዎቹም እኮ ሥራቸው ነው አልኩ። መኪና ያላቸው ሰዎች ይወፍራሉም አልኩ። አልሰማችኝም።

"አቶ ሲሳይ፣ እስቲ ይህን ሰው በደንብ ይዩት" አለቻቸው፣ በጣቷ እያሳየችኝ። "ይህ ሰው ሻወር ሊገባ እንኳን ውሃውን መጀመሪያ በጣቱ ነው የሚነካው። ባሕር ዳር ሄደን ሁላችንም ጀልባ ስንሳፈር እሱ ዳር ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ነው የዋለው። የሠርጋችን ዕለት ዘንቦ እስኪያባራ ጠብቆ ነው የመጣው፤ ሽማግሌዎቹ ቀረ ብለው ነበር! ይህ ሰው ነው ጎርፍ ሰንጥቆ የሚነዳው?"

አቶ ሲሳይ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር።

"በእርግጥ..." አሉ ቀስ ብለው፣ "አይመስሉም።"

"እንግዲያውስ ሳጥኑ እኛ ባለንበት ይከፈት። ከውስጡ የጎርፍ ጭቃ ከወጣ እኔ ራሴ ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ። ካልወጣ ትጠግናላችሁ።"

አቶ ሲሳይ ትንሽ አሰቡና ተስማሙ። ለመጪው ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ማርታ ድል እንዳደረገ ሰው ተነሳች። እኔ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

ከዚያ እስከ ሐሙስ ድረስ የኖርኩትን ኑሮ አልመኝላችሁም። በየቀኑ መናዘዝ እለማመዳለሁ። መዝገብ ቤት ፋይሎቹ መሃል ቆሜ "ማርታ፣ አንድ ጥፋት አለብኝ" እላለሁ፤ ለፋይሎቹ በጣም ጥሩ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ቤት ስገባ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ማዕድ ላይ ጨክኜ ጀመርኩ።

"ማርታ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ምንድን ነው?"

"ሽሮው... ጣፍጧል።"

"ምስር ነው" አለች።

ማክሰኞ የምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምናልባት ውሃው እኔ እንደመሰለኝ ጥልቅ ላይሆን ይችላል! ጃንጥላ ይዤ ወደ አቦ ሄድኩ። ውሃው አለ። ዳሩ ላይ ቆሜ ጃንጥላዬን ነከርኩና እርጥቡ የደረሰበትን በስንዝር ለካሁ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። ሌላም ቦታ ለካሁ። ቀና ስል በቆሎ እየጠበሱ የሚሸጡ አንዲት ሴት ከፊቴ ቆመዋል።

"ከመንገድ ሥራ ነህ?" አሉኝ።

"አይ፣ እኔ እንኳ..."

"ኑ! ኑ! ሊለኩት መጡ!" ብለው ተጣሩ።

በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ሰው ከበበኝ። አንዱ ባለሱቅ ውሃው ክረምት በመጣ ቁጥር እስከ ደፉ እንደሚደርስ አሳየኝ። አንድ ጡረተኛ የመሰሉ ሽማግሌ "ስሜን ጻፍ" ብለው ከነአያታቸው አስጻፉኝ። እኔ ሰው ሲቆጣ እንቢ ማለት አልችልም፤ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ገጽ ሳጋምስ በቆሎ ሻጯ፣

"ባለፈው እማ አንዱ ጉደኛ በነጭ የቤት መኪና ገብቶበት! ዓይኑን ጨፍኖ እኮ ነው የሚነዳው! በዓይኔ ነው ያየሁት" አሉ።

"መልኩን ያስታውሱታል?" አልኩ።

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱኝ። "እንዳንተ ቀጠን ያለ ነገር ነው" አሉ።

ጃንጥላዬን አጠፍኩ። "መቼ ነው የሚሠራልን?" ብለው ሲጠይቁኝ "በቅርቡ!" ብዬ እየሮጥኩ ሸሸሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ በእግሬም አላልፍም።

ሐሙስ ደረሰ። እማዬም ፊዚዮቴራፒያቸውን ትተው ካልመጣሁ ብለው መጡ። ጋራዡ ውስጥ መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ እንደ በሽተኛ ቆማለች። ሥራውን የምትሠራው ትዕግስት የምትባል፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ እጇ ላይ ወፍራም ጓንት ያጠለቀች ወጣት ቴክኒሺያን ናት። ብዙ አታወራም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታች ጨርቅ ላይ ትደረድራለች። አቶ ሲሳይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። ማርታ እጄን ይዛለች። "አይዞህ" አለችኝ። በገዛ ሚስቴ እጅ ተይዤ የመካኒሳ ጭቃ ከዚያ ሳጥን ሲወጣ ታየኝ።

የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ አልቻልኩም።

"ገብቻለሁ!" ብዬ ጮኽኩ።

ወዲያ ማዶ ጎማ ሲፈታ የነበረ ሰው እንኳ ሥራውን አቆመ።

"የት ነው የገባኸው?" አለች ማርታ።

"ውሃው ውስጥ። አቦ ጋ። ሾፌሩ ግባ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጭቃውን በካናቴራዬ ነው የወለወልኩት። እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አቶ ሲሳይ፣ እርስዎም።"

የማርታ እጅ ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። እሱ ነው ያመመኝ። አቶ ሲሳይ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ይኸው እንግዲህ፣ ደንበኛችን ራሳቸው አምነዋል። ትዕግስት፣ ክደኚው።"

ትዕግስት ግን አንገቷን ከኮፈኑ ሥር አላወጣችም።

"አቶ ሲሳይ፣ አንድ ጊዜ ይምጡ" አለች።

"አምነዋል እኮ ነው የምልሽ።"

"ሰምቻለሁ። ግን ይምጡ።"

ሄዱ። እኛም ተከተልን። ሳጥኑ ውስጥ ጭቃ የሚባል ነገር የለም። ጥጉ ላይ ነጭ የደረቀ ነገር እንደ በረዶ ተጋግሯል። ትዕግስት በጣቷ ነክታ አሸተተችው፣ ለአቶ ሲሳይም አስጠጋችላቸው።

"ሳሙና ነው። ሎሚ ሎሚ ይላል። የጎርፍ ውሃ ቢሆን ጥቁር አፈር ነበር የሚተወው። ደግሞ ይህን ሳጥን ስከፍት ሁለቱ ብሎኖች በእጄ ነው የዞሩልኝ፤ አልጠበቁም ነበር። ባለፈው ሰርቪስ ክዳኑ ተከፍቶ ታይቷል፣ ወረቀቱ ላይ አለ። በደንብ ሳይጠብቅ በግፊት ውሃ ታጥባለች።"

"ሰውየው ግን ጎርፍ ውስጥ ገብተዋል" አሉ አቶ ሲሳይ፣ ከበፊቱም ቀስ ብለው።

"ገብተዋል" አለች ትዕግስት። "መኪናዋ ችላዋለች። ያልቻለችው የእኛን ላቫጆ ነው።"

ይህን የተናገረችው በአለቃዋ ፊት ነው። ጓንቷን አውልቃ ላቧን ጠረገች። እማዬ "ሃሌሉያ!" ብለው በማይታጠፈው እግራቸው ተራምደው ሄደው ግንባሯን ሳሟት።

አቶ ሲሳይ ለረጅም ጊዜ ስልክ አወሩ። ሲመለሱ ሳጥኑ በዋስትናው ይለወጣል አሉ፤ እኔ ግን ያልኩትን ሁሉ በጽሑፍ እንዳሰፍር፣ ፎርሙንም እንዳስተካክል አዘዙኝ። "ውሃ ውስጥ ነድተዋል?" የሚለው ላይ "አዎ" ብዬ ጻፍኩ። ያን ያህል ቀላል ቃል ኖሯል ለካ። ስለ ትዕግስት ግን ፈራሁና ስንወጣ ማርታ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ እንድትሰጥ ለመንኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ግን በማግስቱ ሁለት ገጽ ጽፋ ወሰደች።

መልስ አልሰጠችኝም ስላችሁ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ነው። ማርታ ስትጮህ አውቅበታለሁ። ዝም ስትል መሄጃ የለኝም። "ጨው አቀብለኝ" ትለኛለች፣ አቀብላታለሁ፣ በቃ። ዕቃ አጠብኩ። ካናቴራውን ከተደበቀበት አውጥቼ አጠብኩ። በቤታችን ያልታጠበ ነገር አልቀረም። ወደ ማታ ወደ ማታ ፊቷን አይቼ ነገ ትናገረኛለች እላለሁ፤ ነጋ፣ አልተናገረችኝም። መፍራት የጀመርኩት ቁጣዋን ሳይሆን አለመቆጣቷን ነው። ስለኔ ተሟግታ፣ ስለ ጀልባው ሳይቀር ለሰው አውርታ፣ መሃል ላይ ጥያት እንደሸሸሁ ይሰማኝ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መኪናዋ ደርሳለች ተባልን። ሦስታችንም ሄድን። ኤሊዋ ጠፍታለች። ቁልፉን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ማርታ ቀድማ ወሰደችው። እሷ መሪው ጋ፣ እኔ አጠገቧ፣ እማዬ ከኋላ እግራቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ለቡን አለፍን። ከዚያ ማርታ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ተናገረች።

"አንድ ነገር ልነግርህ ነው። መሃል ላይ ካቋረጥከኝ እዚሁ ነው የማወርድህ።"

"እሺ።"

"መኪናዋ ቻርጅ አላደርግ ከማለቷ በፊት ማታ... ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ የቻርጁ ገመድ ከእጄ አመለጠኝ። ጫፉ ሳፋው ውስጥ ገባ። ከነአረፋው። በፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁትና ሰካሁት።"

አፌን ከፈትኩ። ጣቷን አነሳች። ዘጋሁ።

"ጠዋት ኤሊዋን ሳያት እኔ የገደልኳት መሰለኝ። ሲሳይ 'ውሃ ውስጥ ነድተዋል' ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንተ እንዳልነዳህ ስለማውቅ፣ ያንን ተከራክሬ ካሸነፍኩ የኔን ማንም አይጠይቀኝም አልኩ። እንደዚያ የጮኽኩት... አንተን ብዬ ብቻ አልነበረም።"

ልቆጣ ፈለግሁ። አሥራ ሁለት ቀን! ጨው አቀብለኝ! ግን ከደረቴ ላይ የተነሳልኝ ሸክም በጣም ትልቅ ስለነበር ቁጣዬን ላገኘው አልቻልኩም። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ወዲያው እንደገና አላበኝ።

"ማርታ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "የልብሱ ሳሙና... ሎሚ ሎሚ ይል ነበር?"

ማርታ መንገዱን አየች። የጎን መስታወቱን አየች። የኋላ መስታወቱን አየች።

"ብሎኖቹን ግን እኔ አልፈታሁም" አለች።

ወደ ኋላ ዞርኩ። እማዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየጸለዩ መስሎኝ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁላቸው። ሳቁ ያመለጣቸው ያኔ ነው።